ያስል የነበረው ጉድጓድ

ስም አልጠራም። የሞቱት ዘመድ አላቸው፤ ያሉት ደግሞ ጆሮ አላቸው። አገሩን ግን አልደብቅም። ከመካነ ሰላም ወረድ ብሎ፣ የዓባይ ገደል ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ያለ መንደር ነው። ማሽላ ይበቅላል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ከገደሉ እየወጣ ቤቱንም ሰውንም ይውጠዋል፤ አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አይለቅም። የጉም አገር ሰው ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን ያምናል። እኔም የምነግራችሁ ይበልጡን የሰማሁትን ነው።

ንጉሡ ወርደው መሬት ላራሹ የታወጀ ጊዜ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ትንሿን ልጄን አዝዬ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። አባቴ የደብሩ ቄስ ናቸው። የከተማ ሰዎች ረሃቡ አልፏል ይሉ ነበር። ምኑ ያልፋል! ዝናቡ ቢመለስ በሬ የለ፣ ዘር የለ፣ ሞፈር የሚይዝ ክንድ የለ። በመንደሩ አንድ ውሻ አልቀረም። ዶሮ የማይጮህበት መንደር ደግሞ ነግቶም የነጋ አይመስልም። ልጆቹ ማልቀስ ትተው ነበር። «ይቺ ልጅ በለቅሶ ገደለችኝ» የምትሉ እናቶች፣ ዝም ያለች ልጅ ታቅፋችሁ ብታድሩ ኖሮ! ልጄ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች፤ ይኸው ነው። ክንዷን ሳነሳው እንዳነሳሁት ይቀራል።

እህል የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አገሩ ሁሉ የአንድ ሰው ርስት ነበር፤ እኛ «ጌታው» እንላቸዋለን። እዩት፣ ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፤ አፌ አልተወውም። ማሽላቸውን እንደ ቆላ ሰው በጉድጓድ ነበር የሚያስቀምጡት። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ውስጡ ሰው ቆሞ የሚዞርበት፤ ክዳኑ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሆኖ ዙሪያው በጭቃ የተመረገ። ረሃቡ ሲጠና ጭሰኛው እንዳይደፍረው ብለው አባቴን አስጠሩና አስገዘቱት።

ግዝት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ቄስ መስቀሉን ይዞ «ይህን የነካ፣ ያስነካ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን» ካለ በቃ፣ ያ ነገር ከሰው እጅ ወጣ ማለት ነው። ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ጉቦም ይበላል፤ ግዝት ግን አይተኛም። የሚፈታውም ያው የገዘተው ቄስ ነው። ሰው ከጉድጓዱ አጠገብ ሥር እየማሰ ሞተ እንጂ ክዳኑን በጣቱ የነካ አልነበረም። ሕዝቡ በዚህ አባቴን ይጠላቸው ነበር ወይ? እንጃ። እኔ ግን ጠልቻቸው ነበር፤ ምን ልደብቅ።

አዋጁ ሲመጣ ጌታው ጠፉ። ዓባይ በረሃ ወርደው ሸፈቱ ተባለ። ከላላ ገበያ ላይ በሌላ ሰው ልብስ ታዩ ያለም ነበር። በእሳቸው ምትክ የገበሬ ማኅበር ቆመ፤ ካኪ የለበሱ ዘማች ተማሪዎች መጥተው አስተማሩን፣ ሊቀመንበር አስመረጡን፣ ለሊቀመንበሩም ጠመንጃ ሰጥተውት ወደ ሌላው ቀበሌ አለፉ። ሊቀመንበራችን ትናንት የጌታው በቅሎ ከሩቅ ስትታይ ከመንገድ ወርዶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚቆም ጭሰኛ ነበር። ዛሬ ቀበሌውን ሰብስቦ «ይውደም!» ሲል ገደሉ «ይውደም! ይውደም!» እያለ ይመልስለታል። አይ ጊዜ! እኛም እጃችንን እያነሳን ከገደሉ ጋር እንጮህ ነበር፤ ሆዳችን ባዶ ስለሆነ ድምፃችን ሩቅ ይሄዳል።

ሊቀመንበሩ እቤት ድረስ መጣ። «አባ፣ እህሉ የሕዝብ ነው። ግዝቱን ይፍቱልን» አለ፤ በትሕትና ነው የጠየቀው።

«ያስገዘተው በሌለበት እንዴት ብዬ እፈታለሁ?» አሉ አባቴ።

«እንግዲያው ከጌታው ጋር አብረው እንደሆኑ ይቆጠርብዎታል።»

አባቴ ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ማለት ይወዱ ነበር።

ጉድጓዱ ማሳል የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

መጀመሪያ የሰማችው ጎረቤታችን ናት። ለወጥ የሚሆን ሳማ ልትለቅም ወርዳ፣ ቅጠሉን በትና ሮጣ መጣች። «ወላሂ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! መሬቱ እህ፣ እህ አለ» ብላ ደረቷን ያዘች። ሳቅንባት፤ ረሃብ የማያሰማው የለም። በማግሥቱ ግን ሁለት ጎልማሶች ሰሙት፤ ሳምንት ሳይሞላ ያልሰማ የለም። በጉሙ ውስጥ ቆመህ ጆሮህን ስትጥል፣ ከእግርህ ሥር፣ ከጥልቅ፣ አንድ ነገር ያስላል። አንዳንዴ ያጉረመርማል። አንዳንዴ ደግሞ የሚያቃስት ይመስላል፤ ያን ጊዜ ጸጉርህ ይቆማል። ግዝቱ ነፍስ ዘርቶ ነው ያለ ነበር። በረሃብ ያለቁት ሰዎች እህሉን ከበው ተቀምጠው ነው ያለም ነበር፤ ይህን ያሉት አሮጊት ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን የቀበሩ ስለሆኑ ማንም አልተቆጣቸውም። ሰው መንገዱን ለወጠ። ሊቀመንበሩም ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩቅ ዞሮ ያልፍ ጀመር።

የማይፈሩት አባቴ ብቻ ነበሩ። ማለዳ ማለዳ በቅል ውሃ ይዘው «ጸሎት ላደርስበት» ብለው በጉሙ ውስጥ ይገባሉ። ሰዉ ጠበል የሚረጩ መስሎት ይመርቃቸው ነበር። እኔ ግን የቤት ሰው ነኝ። ቅሉ ሙሉ ሄዶ ባዶ ሲመለስ አያለሁ፤ አባቴም ቢደክማቸው መንገዱን አልተውም ይላሉ። አንድ ነገር ጠረጠርኩ፤ መጥፎ ነገር ነው የጠረጠርኩት። ሌላውን በግዝት አስረው ራሳቸው ማሽላውን እዚያው እየዘፈዘፉ የሚበሉ መሰለኝ። ልጄ እቤት እየጠፋች! አንድ ጠዋት ልጄን አዘልኩና በዘንጋቸው ድምፅ እየተመራሁ ተከተልኳቸው። ጉሙ የራሴን እጅ አያሳይም ነበር። ዘንጉ ቆመ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተንሸራተተ።

ቀጥሎ ሁለት ድምፅ ሰማሁ።

«ትናንት ለምን ቀሩ አባ? ጉሮሮዬ ደረቀ።»

«ሰው ነበረ። ቀስ ብለው ይናገሩ።»

ቀረብ ስል አባቴ ተንበርክከው ቅሉን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ያወርዳሉ። ክዳኑ ሁለት መዳፍ ያህል ተገልጧል። ከዚያ ጨለማ ሳል መጣ፤ ያ ሁላችንም የምናውቀው ሳል። ልጄ ከጀርባዬ አንገቷን ቀና አደረገች። ወየው እኔ ልጅት! እግሬ ሥር የሚናገረውን ድምፅ እኮ አውቀዋለሁ። ግብር ስናስገባ ከሰገነት ላይ «ይቀጥል!» ይል የነበረ ድምፅ ነው።

«ማነው እሱ?» አለ ድምፁ።

አፌ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ ጌታዬ» አልኩ። እሱስ ደግ፤ ነጠላዬን አደግድጌ እጅ ነሳሁ። እስኪ አሁን ለጉድጓድ እጅ ይነሳል? እሳቸው ከመሬት በታች፣ እኔ ከመሬት በላይ፤ ጎንበስ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። እስካሁን ሳስበው ይነደኛል።

ካጎነበስኩ አይቀር ብዬ ለመንኩ። «ጌታዬ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። አንድ እፍኝ ብቻ።»

«ምን ነካሽ? የተገዘተ እህል ለልጅሽ ልታበዪ ነው?» አሉኝ በርጋታ፣ እንደ መካሪ። «ባለቤቱ እንኳ ሳልነካው እዚሁ ላዩ ላይ ተኝቻለሁ። አባትሽ ይመስክሩ።»

ይህን እያሉኝ ይቆረጥሙ ነበር። ጥሬ ማሽላ በጥርስ መሐል ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ የራበው ሰው አይስተውም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴን ፊት ለፊት ገጠምኳቸው። እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። «አባ፣ ያ ሰው የተቀመጠው በልጄ ነፍስ ላይ ነው! ግዝትዎን ጥሻ አድርጎ ተሸሸገበት፤ አንቱ ውሃ ይቀዱለታል!»

«የነፍስ ልጄ ናቸው» አሉ ሳያዩኝ። «ሲያሳድዷቸው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ መጥተው እግሬ ላይ ወደቁ። የት ልደብቃቸው? ሰው የማይደርስበት አንድ ቦታ ነበር። ግዝቱን ብፈታ ክዳኑን ያነሳሉ፣ ያገኟቸዋል፣ እዚያው ይገድሏቸዋል። ደም የነካ እጄን ይዤ እንዴት መቅደስ ልግባ?»

«የልጅ ልጅዎ ደምስ? ወይስ እሷ ደም የላትም?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እኔም ጨረስኩት። «ነገ ግዝቱን ካልፈቱ ለሊቀመንበሩ ሄጄ እናገራለሁ።»

«እኔንም አብረው ይገድሉኛል። ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልኩ። የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከልቤ ነበር፤ አደርገው ነበር። አባቴ ቆመው ልጄን አዩዋት፣ ከዚያ እኔን። ጣታቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩና «አብሽሪ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደወል ተደወለ። አባቴ ቀድመው ወርደው ነበር፤ ማልደው ከቤታችን ጥርብ መሰላሉን ተሸክመው ሲወጡ አይቻለሁ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ጉሙ እንደዚያ ቀን ከብዶ አላውቅም፤ ከጎንህ ያለው ሰው ጥላ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሳል ብቻ ነው። አባቴ መስቀሉን ይዘው ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሙ።

«ግዝቱን ዛሬ እፈታዋለሁ» አሉ። «ሁላችሁም በግንባራችሁ ትደፋላችሁ። ያሰርኩት ነገር ከጉድጓዱ ወጥቶ ይሄዳል። ድምፅ ትሰሙ ይሆናል፤ ቀና እንዳትሉ። ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ ያሰርኩት በእሱ ላይ ያርፍበታል!»

እንዲህ ያለ ሥርዓት ከቄስ ቤት ተወልጄ ሰምቼ አላውቅም። ገባኝ። አባቴ ሁለቱንም ነፍስ በአንድ ጉም ሊያወጡ ነው። ሊቀመንበሩ ቀና ቢል ጠመንጃው በእጁ ነው፤ አባቴም ያበቃላቸዋል፣ እህሉም በደም ይታጠባል፤ የዚያን ዕለት ማን እፍኝ ይሰጠኛል? ልጄን እንዳዘልኩ ተደፋሁ። ሊቀመንበሩ ከፊቴ ነበር፤ ጠመንጃውን ከጎኑ ሣሩ ላይ ሲያኖረው ብረቱ ቀጭ አለ።

እግዚኦታው ጀመረ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ...» የተራበ ሰው ዜማ ነው፣ ከመሬት ጋር የሚሄድ። በመሐሉ ድንጋዩ ተንሸራተተ። ከዚያ መሰላሉ ሲጥ አለ። እህል ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ሹርርር ብሎ። የአንድ ፍጡር ትንፋሽ ከመሬት አፍ ወጣ፤ ሳለም። እግዚኦታው ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልተቋረጠም። እንዲያውም ፈጠነ።

እርምጃ መጣ። መራመድ የረሳ እርምጃ ነው፤ አንዱን ያነሳል፣ ይቆያል፣ ሌላውን ያስከትላል። በተደፋው ሰው መሐል እየመረጠ ይሄዳል። የሻገተ ማሽላና የቆየ ሽንት ሸተተኝ። በግንባሬ ሥር መሬቱ ሲረገጥ ይሰማኛል። ቀረበ። ቀረበ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። የልጄ አንገት ቀና ሲል ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ፤ እሷን ማን አስደፋት? እግሯን ጨብጬ ያዝኩ። ካለቀሰች አለቀልን። ማልቀስ አለመቻሏን ያን ጊዜ፣ ለዚያች ቅጽበት ብቻ፣ ወደድኩት፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ከላዬ «እህ» አለ። ያስነጠሰ ወይም ያሳለ አይደለም፤ ትልቅ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ጉሮሮውን የሚጠርገው ነው። ከፊቴ የተደፋ አንድ ሰው በጉልበቱ እየተጎተተ ፈቀቅ አለ፤ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ተለቀቀለት። እርምጃው አለፈ። ቀስ በቀስ ወደ ገደሉ ራቀ፤ ቆይቶ ከሩቅ፣ ከታች፣ የተፈነቀለ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። ከዚያ ምንም የለም፤ ጉሙና እግዚኦታው ብቻ።

«እግዚአብሔር ይፍታ!» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ።

ስንነሳ ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም ጉልበቱን ያራግፋል። መጀመሪያ ጉድጓዱ የገባው ሊቀመንበሩ ነው። ገብቶ ብዙ ቆየ፤ አባቴ መስቀላቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው ጠበቁ። በመጨረሻ ከታች «እህሉ ደኅና ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሴቱ እልል አለ። እህሉ በቁና እየተሰፈረ ለየቤቱ ተዳረሰ፤ የረባ ጠብ እንኳ አልተነሳም።

ጎረቤቴ «በአንዴ እንዳታጠግቢያት፣ ትገድያታለሽ» ብላ ከለከለችኝ። አጥሚቱን አቅጥኜ በጣቴ ጫፍ ከንፈሯ ላይ አደረግሁ። ላሰችው። ደገምኩ። ከሰዓት በኋላ ጣቴን ስነሳት ፊቷ ተጨማደደና ጮሃ አለቀሰች። እኔም እልል አልኩ። አባቴ ከመደባቸው ብድግ አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፣ አለቀሱም። «ጥበቡን ፈጣሪ ነው የሰጠኝ» አሉኝ። ያን ቀን ይቅር አልኳቸው፤ እሳቸውም እኔን።

መንደሩ ወሬውን ያዘ። ግዝቱ ሲወጣ እግር ነበረው፣ ጀርባዬን ረግጦኝ አለፈ፣ ክንፍም ነበረው ያለ አለ። አባቴ ሲሰሙ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ የተታለለ ሕዝብ ያሳዝናል መሰል። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

በሁለተኛው ቀን ሊቀመንበሩ መጣ። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ፈሪ አልነበረም። ኋላ ሚሊሺያ ተብሎ ከሶማሌ ጋር ወደተደረገው ጦርነት ሲዘምት፣ ሌላው ሲሸሽ እሱ ለታንክ ያልተመለሰ ሰው መሆኑን አብረውት የነበሩ ነግረውናል። እዚያው ቀረ። የዚያን ዕለት ግን ጠመንጃውን ከደጅ አስደግፎ ገባ። አባቴ ያበቃላቸው መስሏቸው ተነሱ፤ እኔም ልጄን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሰውየው መሬት ላይ ተንበረከከ።

«አባ፣ ልናዘዝ ነው የመጣሁት» አለ። «እሷም ትስማ፣ ግድ የለም። እዚያው ነበረች።»

«ተናገር ልጄ።»

«ጫማቸውን አየሁት። ሳልደፋ አይደለም፤ ተደፍቼ ነው፣ በግንባሬ በኩል። ያን ጫማ እኔ ስንት ዓመት የወለወልኩት ነው። ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም አባ፤ በአጠገቤ የነበረው ሁሉ አይቷል። ማታ ማታ ተጠያይቀናል። ማንም ግዝት ነው ብሎ አልተታለለም።»

አባቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጠመንጃው ከእጄ አንድ ስንዝር አይርቅም። ‹ይውደም› ሳስብል የከረምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ‹እህ› አሉ።» ዞሮ ደጅ የተደገፈውን ጠመንጃ አየ። «አባ፣ ፈቀቅ አልኩላቸው። በጉልበቴ እየሄድኩ መንገድ ለቀቅሁ። ማንም አላዘዘኝም።»

ልጄ ጣቴን እየሳበች ትነጫነጫለች።

«የእርስዎ ግዝት አልያዘኝም አባ። እሱንማ ፈቱት፤ ይኸው እህሉን በላን» አለ። «ይሄኛውን ማን ይፈታልኛል?»

አባቴ መስቀሉን አነሱ፣ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። ለዚህ የሚሆን ጸሎት ሲፈልጉ አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ሰውየው ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ መስቀሉን ራሱ ተስቦ ተሳለመና ተነሳ። ከማሽላው ንፍሮ በእፍኜ ሰጠሁት፤ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በራችን ረጅም ነው፣ አባቴ ከነጥምጣማቸው ቆመው ያልፉበታል። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ወጣ።